ውሃው መቼ እንደሚመጣ ንገሩን

ቀን፦ ሐምሌ 20
ለ፦ ከተማችን የመጠጥ ውሃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት
ግልባጭ፦ በጎጃም በየከተማው ቧንቧ ሥር ጀሪካን ደርድሮ ለሚጠብቅ ሁሉ
ጉዳዩ፦ የውሃ መምጫ ቀንና ሰዓት እንዲነገረን ስለመጠየቅ

እንደምን ከረማችሁ?

ቧንቧችን ከደረቀ ዛሬ 38ኛ ቀኑ ነው። ሰኔ 12 የሚካኤል ዕለት ማታ እንግዶቻችንን ሸኝተን፣ ዕቃ አጣጥበን ተኛን። በማግሥቱ ጠዋት ቧንቧውን ስከፍተው ጠብ አላለም። ከዚያ ወዲህ ውሃ የመጣው ሦስት ሌሊት ብቻ ነው። ሦስቱንም ጊዜ እንደሚመጣ የነገረን ሰው አልነበረም። ሦስቱንም ጊዜ ሳይነጋ ሄደ።

የከተማዬን ስም አልጻፍኩም። ይህን ችግር የማያውቅ ከተማ በጎጃም ያለ ስለማይመስለኝ ነው። ከዘመድ ጋር ስንደዋወል ከጤና ቀጥሎ የምንጠያየቀው “ውሃስ አላችሁ?” ሆኗል። የማንም ስም በክፉ እንዲነሳ፣ ማንም ከእንጀራው እንዲፈናቀል አልፈልግም። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ውሃው መቼ እንደሚመጣ ንገሩን። የማይመጣም ከሆነ እንደማይመጣ ንገሩን።

መጀመሪያ ሌሊታችንን ላሳያችሁ።

ማታ ስንተኛ የግቢውን ቧንቧ ከፍተን እንተወዋለን። ከሥሩ የቆርቆሮ ሳፋ ደፍተን እናስቀምጣለን። ውሃው ሲመጣ ሳፋውን ሲመታው ሰምተን እንድንነሳ ነው። ግን ክረምት ነው። ዝናቡ ጣሪያው ላይ ሲወርድ የሳፋውን ድምፅ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ተራ ገባን። እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ባለቤቴ ይጠብቃል። ከ6 እስከ 9 እኔ። ከዚያ እስኪነጋ የ14 ዓመቱ ልጄ። ጋቢ ተከናንቦ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ብርዱን ታውቁታላችሁ። የሐምሌ ሌሊት ነው።

ውሃው ሊመጣ ሲል ቧንቧው ይተነፍሳል። ፍሽሽ ይላል። ዝም ይላል። ደግሞ ፍሽሽ ይላል። ከዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ ይንደቀደቅና ጭቃ የመሰለ ውሃ ይተፋል። ቀስ እያለ ይጠራል። ይሄኔ አንዳችን ጀሪካን እንደረድራለን፣ አንዳችን የእማሆይን አጥር እናንኳኳለን። እማሆይ ጎረቤታችን ናቸው፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። “እማሆይ፣ ውሃ መጣ!” ስንላቸው “እሰይ፣ ተመስገን” እያሉ ነጠላቸውን ሳያጣፉ ይወጣሉ። ሐምሌ 6 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከሩብ ላይ መጣ። 10 ሰዓት ሳይሞላ ሄደ። ለእኛ 11 ጀሪካን፣ ለእማሆይ 2 ሞላን።

ሐምሌ 14 ሌሊት ግን አመለጠን። ሌሊት ሌሊት መንቃቱ አድክሞን ነበር። ልጄን በርጩማው ላይ እንዳለ እንቅልፍ ጣለው። ጠዋት ስንነሳ ሳፋው ጭቃ ውስጥ ተዘፍቋል። ከቧንቧው ሥር ውሃ ተኝቷል። ስንት ሰዓት እንደፈሰሰ አናውቅም። ልጄ አለቀሰ። “በኔ ጥፋት ነው፣ እማዬ” አለኝ። 14 ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ እናቱ ፊት እንዲያ ሲያለቅስ ማየት ከባድ ነው። ጥፋቱ የሱ እንዳልሆነ ብነግረውም አላመነኝም።

በዚያ ሌሊት የፈሰሰው የእኛ ቤት ውሃ ብቻ አይደለም። በየግቢው ቧንቧ ተከፍቶ ነው የሚታደረው። ሰው ቀኑን ስለማያውቅ ሌላ ምን ያድርግ? እናንተ በስንት ልፋት፣ በስንት ነዳጅ ያወጣችሁት ውሃ ወደ ቦይ ሄደ። “ማክሰኞ ሌሊት ከ8 እስከ 11” የሚል አንድ ወረቀት ቢኖር ኖሮ ያ ውሃ አይፈስም ነበር። ሌላውን ቀን ቧንቧችንን ዘግተን እንተኛ ነበር።

ክረምት ለውሃ ሥራ ከባድ ጊዜ መሆኑን አውቃለሁ። ከጉድጓድ በፓምፕ የሚስብ ከተማ መብራት ሲሄድ ውሃውም አብሮ ይሄዳል። መብራቱ ሄድ መጣ ሲል ሞተሩ ይቃጠላል። የተቃጠለ ሞተር ከጥልቅ ጉድጓድ ተጎትቶ ነው የሚወጣው። ምትኩ ደግሞ ከአዲስ አበባ ነው የሚጠበቀው፤ መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ይዘገያል። ከወንዝ የሚጠልፍ ከተማ ከሆነ ጎርፉ የማሳውን አፈር ጠርጎ ይገባና ማጣሪያውን ይደፍነዋል። ከምንጭ በስበት የሚመጣ ከሆነ ናዳ መስመሩን ይገነጥለዋል። ዝናቡ እየዘነበ፣ ጭቃው እስከ ጉልበት ድረስ እየያዘ ቱቦ የሚቀጥሉትን ልጆች አይቻቸዋለሁ። ክብር ይስጣቸው።

መስኮታችሁ ላይ ቀርቤ ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ። ሦስት መልስ ተሰጠኝ። አንዱ “ፓምፑ ተቃጥሏል” አለኝ። ሌላው “የመብራት ችግር ነው” አለኝ። ሦስተኛዋ ልጅ “መስመር ተሰብሯል፣ በቅርቡ ይመጣል” አለችኝ። ሦስቱም እውነት ሊሆን ይችላል። “በቅርቡ” ግን ስንት ቀን ነው? አንድ ቀን ከሆነ ያለኝን ውሃ ልብስ አጥብበታለሁ። አሥር ቀን ከሆነ ለመጠጥ እቆጥበዋለሁ። ቀኑን ሳላውቅ ሁለቱንም ማድረግ አልችልም። ልብሱም ሳይታጠብ፣ ውሃውም ሳይጠጣ ይሰነብታል።

ሳይጠጣ ስል የምሬን ነው። እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። 74 ዓመቷ ነው። ውሃ ስሰጣት “አልጠማኝም፣ ለልጆቹ አድርጊው” ትላለች። መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። ብርድ ነው፣ ሰው በብርድ ውሃ አይጠማውም ብዬ አለፍኩት። አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋዋ አጠገብ ያስቀመጥኩላትን ብርጭቆ ማታ እንደሞላ አገኘሁት። በማግሥቱም እንደዚያው። ሳምንት ሳይሞላ ሽንቷ እያቃጠላት ሌሊት ስታቃስት ሰማኋት። ጤና ጣቢያ ስንወስዳት መጀመሪያ የጠየቋት “እማማ፣ ውሃ ይጠጣሉ?” ብለው ነው። ዝም አለች። ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ልጆቼ ጀሪካን ተሸክመው ዳገት ሲወጡ እያየች አንድ ብርጭቆ ውሃ መጠጣት ከብዷት ነበር።

አሁን ተሽሏታል። ቢሆንም ይህን የጻፍኩት እንድታውቁት ነው። ሐሙስ ውሃ እንደሚመጣ ብታውቅ ኖሮ ረቡዕ ትጠጣ ነበር።

“የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው” ሲባል ሰምተን ያደግን ሰዎች ነን። ጨሞጋ፣ ሙጋና ሱሃ ከጮቄ ተነስተው ይወርዳሉ። የዓባይ ምንጭ ሰከላ ላይ ግሽ ዓባይ ነው። ዓባይ ራሱ ጎጃምን እንደ መቀነት ዞሮት ነው የሚሄደው። ይህን ያነሳሁት ለወቀሳ አይደለም። ወንዝ በደጅ ማለፉ ብቻውን ጓዳ ውስጥ ውሃ እንደማያስገባ ይገባኛል። ገንዘብ፣ ባለሙያ፣ መብራት፣ ሰላም ይፈልጋል።

የሚገባንን ያህል እየጠየቅሁ እንዳልሆነም እወቁልኝ። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ20,000 እስከ 50,000 ሕዝብ ላለው ከተማ የታሰበው በሰው በቀን 50 ሊትር ነበር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ላይ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጎች ንጹሕ ውሃ እንዲያገኙ ይላል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ም ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ለቤት ውስጥ ፍጆታ ቅድሚያ ይሰጣል። “አቅም በፈቀደ መጠን” የሚለውን እቀበለዋለሁ። ወረቀት ላይ ቀን ጽፎ በር ላይ መለጠፍ ግን ሞተርም ነዳጅም አይፈልግም።

እንግዲህ ጥያቄዬን በዝርዝር ላስቀምጠው። በየሳምንቱ አንድ ወረቀት አውጡልን። የትኛው ሰፈር፣ በየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት። ፈረቃው በ7 ቀን ከሆነ በ7 በሉን፤ በ15 ቀን ከሆነ በ15 በሉን። ወረቀቱን በራችሁ ላይ፣ ቀበሌው ላይ፣ ገበያው መግቢያ ላይ ለጥፉት። በቴሌግራም ብቻ እንዳይሆን አደራ፤ እማሆይ ቴሌግራም የላቸውም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዓርብ ከጁምአ በኋላ ብትጠይቁ ያስነግሩልናል። ለክትባት ሲሆን በባጃጅ ሞንታርቦ ተጭኖ በየሰፈሩ ይዞር የለም? ለውሃም ይዙርልን።

ፕሮግራሙ የሚፋለስበት ቀን አለ። መብራት ይሄዳል፣ ቱቦ ይፈነዳል። ያን ጊዜም ዝም አትበሉን። “የዛሬው ወደ ሐሙስ ተዛውሯል” በሉን። እንቀየማለን፣ ግን እናምናችኋለን። መስኮታችሁ ላይ የምትቀመጠው ልጅም ጠዋት ጠዋት የምትሰማው ስድብ ይቀንስላታል። የምትመልሰው ስለሌላት ነው የምትሰደበው። ታሳዝነኛለች።

ዳገት ላይ ያሉትን ሰፈሮች አደራ። ታች ያለው ሁሉ ቧንቧውን ከፍቶ ሲቀዳ ግፊቱ ወደ ላይ አይደርስም። ፈረቃ ሲወጣ ለላይኞቹ የብቻቸውን ሌሊት ስጧቸው፤ የታችኛው መስመር ተዘግቶ። ቦቴ የምትልኩ ከሆነም ቀኑንና ቦታውን ቀድማችሁ አሳውቁ። ቦቴው ሲመጣ ሮጦ የሚደርሰው ወጣት ነው። ነፍሰ ጡሯና አሮጊቷ ሲደርሱ ቦቴው ባዶ ነው።

ስለ ቢሉም ልናገር። ውሃው ከመምጣቱ በፊት የሚነፍሰው አየር ቆጣሪውን ያሽከረክረዋል። ልጄ ሌሊት በባትሪ አብርቶ አሳይቶኛል፤ ጠብታ ሳይወርድ ቁጥሩ ይዞራል። መክፈል አልጠላም። እንዲህ ውሃ ጠፍቶ የሰነበተበትን ወር ቆጣሪ ግን ከመሰብሰባችሁ በፊት እዩልን።

ከዚህ በታች ያለው በግልባጭ ለተጻፈላችሁ ለወገኖቼ ነው። በ38 ቀን ያየሁትን፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ከአዋቂዎችም ጠይቄ የያዝኩትን ላካፍላችሁ።

ከሁሉ በላይ የጠቀመን ጣሪያው ነው። ባለቤቴ አሮጌ አሸንዳ ለመነና በሽቦ አሰረው። ጫፉን ወደ በርሜሉ አዞረው። ሒሳቡን ሲነግረኝ መጀመሪያ አላመንኩትም ነበር። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ነው። የእኛ ቤት 40 ካሬ ሜትር ገደማ ናት። 10 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 400 ሊትር ይወርዳል። የሚረጨውን፣ በአሸንዳው ቀዳዳ የሚፈሰውን ሩቡን ቀንሱት። 300 ሊትር ይቀራል። 15 ጀሪካን ማለት ነው። በሐምሌ አንድ ደህና ዝናብ ይህን በአንድ ከሰዓት ያወርዳል። በደብረ ማርቆስ አካባቢ በዓመት ወደ 1,300 ሚሊ ሜትር ይዘንባል፤ የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። ያ ሁሉ በአጥር ሥር እየፈሰሰ ነው የሚሄደው።

መጀመሪያ የሚወርደውን አትያዙት። የወፍ ኩስ፣ ቅጠልና ጥላሸት ይዞ ነው የሚመጣው። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ጣሪያውን ይጠበው፤ ከዚያ በርሜሉን አስጠጉ። አፉን በነጠላ ሸፍኑት። ከላይ በሳንቃና በድንጋይ ክደኑት። ዳዴ የሚል ልጅ ያለበት ቤት ክፍት በርሜልና ክፍት ባልዲ ግቢ ውስጥ አይደር፤ ሕፃን በትንሽ ውሃም ሰምጦ ይሞታል። ወደ ቆላ ያላችሁ ደግሞ የወባ ትንኝም ክፍት ውሃ ትፈልጋለች። የጣሪያ ውሃ ለልብስ ግሩም ነው። ሳሙናው ቶሎ ይኩረፈረፋል፤ ከጉድጓዱ ውሃ ያነሰ ሳሙና ይበቃዋል። ለመጠጥ ግን ሳይታከም አይሆንም።

ለመጠጥ የምናደርገው እንዲህ ነው። የቀዳነውን እናስቀምጠዋለን፤ አተላው ይዘቅጣል። ከላይ ያለውን በአራት በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ እናጠለዋለን። ከዚያ እናፈላዋለን። እዚህ ላይ የደጋ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። ከፍታ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ግን ሙቀቱ ቆላ ካለው ያነሰ ነው። 2,400 ሜትር ገደማ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ የምንኖር ሰዎች ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ሙሉ ልንተወው ይገባል። ፈላ ብሎ ወዲያው ማውረድ አይበቃም።

ማገዶና ከሰል በክረምት እርጥብ ነው፤ ውድም ነው። ማፍላት ያልቻለ እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ ከፋርማሲ ገዝቶ ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ይጨምር። እሱም ከጠፋ፣ ሽታ ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና ካላችሁ ለ1 ሊትር የጠራ ውሃ 2 ጠብታ፣ ለአንድ ጀሪካን 40 ጠብታ ገደማ ነው። 30 ደቂቃ ይቆይ። መጠኑ ያልተጻፈበትን በረኪና አትሞክሩት። ድፍርስ ውሃ ላይ ማከሚያውን ብትጨምሩ ጭቃው ይበላዋል፤ ስለዚህ ማጥለሉ ይቅደም። በአንድ ጀሪካን አፍ ላይ ሁሉም ሰው ጣሳ እየነከረ ከጠጣ ደግሞ የለፋችሁበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። አዘንብሎ መቅዳት ነው።

ስለ ከሰል ካነሳሁ፣ ብርድ ነው ብላችሁ ምድጃውን ቤት ውስጥ ዘግታችሁ አትተኙ። ጭሱ ባይታይም ይገድላል። በየክረምቱ የምንሰማው መርዶ ነው።

ግቢያችሁ ውስጥ ጉድጓድ ያላችሁ ከሰው አትደብቁት፤ ግን ተጠንቀቁ። በክረምት የመሬት ውስጥ ውሃ ከፍ ይላል። ሽንት ቤቱ በቅርብ ካለ ወደ ጉድጓዱ ይሰርጋል። በሁለቱ መካከል ቢያንስ 30 ሜትር ይመከራል፤ በእኛ ጠባብ ግቢ ይህ የት ይገኛል? እንግዲህ የጉድጓድ ውሃ ለወለል፣ ለልብስ፣ ለሽንት ቤት ይሁን። ለመጠጥ ካሰባችሁት እንደ ወንዝ ውሃ ቁጠሩት።

እኛ ቤት አምስት ነን። ለአደጋ ጊዜ በዓለም የሚሠራበት ዝቅተኛው ልክ በሰው በቀን 15 ሊትር ነው። ለአምስት ሰው 75 ሊትር፣ አራት ጀሪካን ሊሞላ አንድ ባልዲ የማይሞላ ይቀረዋል። በእሱ ነው የምንውለው። ዕቃ የሚታጠበው መጀመሪያ ብርጭቆ፣ ከዚያ ሳህን፣ መጨረሻ ድስት ነው። ድስቱ በአመድ ይፈተጋል። ዕቃ ያለቀለቅንበት ውሃ ሽንት ቤት ይገባል። የልብስ እጥበቱም እንደዚያው። ለእጅ መታጠቢያ የሃይላንድ ክዳን በምስማር በስተን በር ላይ ሰቀልን፤ ጨመቅ ስታደርጉት እንደ ክር ይወርዳል። አንድ ሃይላንድ ለቤቱ ሁሉ ግማሽ ቀን ይበቃል።

ከሁለት ነገር ግን አትቆጥቡ። አንዱ እጅ ነው። ከሽንት ቤት ሲወጡና ምግብ ሲነካ ሳሙና ይግባበት። በክረምት አተትና ታይፎይድ የሚመጡት በዚህ በኩል ነው። ሁለተኛው የልጆች ፊት ነው። ትራኮማ በአማራ ክልል የብዙ ሰው ዓይን ያጠፋ በሽታ ነው፤ ፊት መታጠብ አንዱ መከላከያው ነው። ለአንድ ልጅ ፊት አንድ ብርጭቆ ውሃ ይበቃል። ልብስ ሳይታጠብ ሲሰነብትም ቅማል ይፈላል፤ ቅማል የግርሻ በሽታ ያመጣል። ውሃ ካነሰ ከሸሚዙ በፊት የውስጥ ልብስና አንሶላውን እጠቡ።

ፓምፕ ገጥማችሁ ከመስመሩ በቀጥታ የምትስቡ ወንድሞቼ፣ እባካችሁ ተዉት። ለእናንተ ሮቶ ሲሞላ ከእናንተ በላይ ያለው ቤት አየር ነው የሚደርሰው። ደግሞም መስመሩ ባዶ ሲሆን በየስንጥቁ ያለውን የቦይ ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይስባል። ያ ውሃ ተመልሶ ወደ እናንተው ሮቶ ነው የሚገባው። በዚሁ ምክንያት ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደውን ማንም ለመጠጥ አይቅዳ። ለሽንት ቤት ባልዲ ይሙላበት፤ ሲጠራ ጀሪካኑን ያስጠጋ።

እማሆይን የመሰሉ ጎረቤቶቻችሁን አትርሱ። በየሰፈሩ አጥሩን የሚያንኳኳላቸው ሰው ይመደብ። እኛ ሰፈር ለአራት አዛውንቶች አራት ልጆች ይዘናል።

ወደ ጽሕፈት ቤቱ ልመለስ። ነሐሴ እየመጣ ነው። ፍልሰታን ብዙ ሰው ይጾማል፤ ሕፃናትም ይቆርባሉ። በጾሙ መካከል ቡሄ ይውላል፤ ከዚያ ዘመን መለወጫ ይከተላል። ጌሾው ይወቀጣል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ቤት ይታጠባል። ዝግጅቱን የምናውቀው ውሃው ቀን ሲኖረው ነው። የመጀመሪያውን ወረቀት ነሐሴ 1 ከመግባቱ በፊት እንድታወጡልን እለምናችኋለሁ።

ወረቀቱን የሚያዞር ሰው ካነሳችሁ እኛ አለን። በክረምት በጎ ፈቃድ የተመዘገቡ የሰፈራችን ተማሪዎች አሉ። አነጋግሬያቸዋለሁ፤ 12 ናቸው። ልጄም አንዱ ነው። ማታ የጻፋችሁትን ጠዋት በየበሩ ያደርሱታል። ማንበብ ለማይችል ያነቡለታል። ስልኬ የደንበኝነት ፋይሌ ላይ ተጽፏል። በፈለጋችሁት ሰዓት ደውሉልኝ፤ ሌሊትም ቢሆን አልተኛም።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ